በሕግ አምላክ የቆመው ድሮን

እኛ ላሊበላዎች ሰማይ አጣበባችሁ ተብለን አንታማም። ሌላው ሕንፃውን ወደ ላይ ሲቆልል፣ የእኛ አባቶች ቤተ ክርስቲያናቸውን ከዐለት ወደ ታች ፈልፍለው ሰማዩን ለአላፊ አግዳሚው ተዉት። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ የት ይገኛል? እኔማ እኮራለሁ።

ታዲያ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ቀን ያንን ሰማይ ልናጣብበው ነበር።

ሙሽሮቹ ፎቶ እንዲነሡ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ወረድን። ካሜራማኑ ድሮን አስነሣ። ፈቃድ አለህ ወይ ያለው የለም፤ በሠርግ ቀን ማን ፈቃድ ይጠይቃል? እኔ ግን ፈራሁ። እናቴ ዓይኗን ታክማ ከአዲስ አበባ የምትመጣው በዚያን ሰዓት በሚደርሰው አውሮፕላን ነው። «በሉ ስልክ ዝጉ ተባልን፤ አውሮፕላኑን ያስቸግራል አሉ» ብላ ደውላልኛለች። አስጎብኚው አጎቴም፣ አንዲት ወፍ እንኳ ሞተር ውስጥ ከገባች ጉድ ታፈላለች ሲል ሰምቻለሁ። ወፍ እንዲያ ከሆነች፣ ይሄ ባለ ባትሪውስ?

ለካሜራማኑ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ከበሮው ዋጠኝ፤ አልሰማኝም። ድሮስ ማን ይሰማኛል? ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚጨንቀኝ ልጅ ነኝ። እናቴም ያሳደገችኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው።

የአውሮፕላኑ ድምፅ ከተራራው ጀርባ መጣ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

በእኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ፣ የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሙሽራው ቆመ። ከበሮው ቆመ። ሚዜው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ካሜራማኑም የጨዋ ልጅ ነውና እጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ አነሣ። ድሮን ደግሞ ሲለቁት አይወርድም ለካ፤ አየር ላይ ባለበት ይቆማል። ቆመ! እናቴ በምትመጣበት መንገድ ላይ!

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ ላይ አሰርሽው እኮ! ፍቺው!» አለ አጎቴ፣ እሱም ሳይነቃነቅ።

«በሕግ አምላክ፣ አውርደው!» አልኩ።

ድሮኑ ሣሩን ከነካ በኋላ አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ወደ ሜዳው ዝቅ አለ።

እናቴ ከአውሮፕላኑ ወርዳ አጎቴ ሁሉንም ሲነግራት፣ በሁለት እጇ ጉንጬን ይዛ፣ «እኔ እዚያ በአንዲት ስልኬ ስጨነቅ!» አለች።

ድሮኑ ታስሮም መቅረጹን አልተወም ነበር። በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ሠርገኛው ሁሉ እንደ ሐውልት ደርቆ፣ መሃል ላይ አንዲት ልጅ አፏን በሰፊው ከፍታ ትታያለች። እናቴ በታከመው ዓይኗ እየደጋገመች የምታየው እሱኑ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እውነት ነው። በተከፈተው ግን አውሮፕላን ገባ፤ ያውም እናቴን ይዞ።