ደጃፍ ባንድ በማለዳ ሲያንኳኳ

ለመርዶ ሥርዓት አለን። ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባለጉዳዩ ከቤቱ ሳይወጣ። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፣ አግዳሚ ወንበሩ ከዕድር ቤት ይወጣል። ሁሉም ተሰናድቶ ሲያልቅ የማያውቀው ሰው የሞተበት ብቻ ይሆናል። የምሥራች ግን ምን አለው? አንድ ጩኸት። መጪው «የምሥራች!» ይላል፣ ሰሚው «ምሥር ብላ!» ይላል፣ አለቀ። እንግዲህ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ደስታን በወጉ አሰናድቼ ላድርስ ብሎ ሲነሣ፣ የሚያውቀው መሰናዶ የሞትን ብቻ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እሪ በከንቱ የሚባለው ሰፈር ደርሼ፣ ሰው ካስለቀስሁ በኋላ።

ነገሩ የደጃፍ ባንድ ነገር ነው። አታውቁትም። አትፈሩ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ካደግነው በቀር ማንም አያውቀውም። አራት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ዘውዴ አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ይዘፍናሉ፣ ጋሽ ታፈሰ ጊታር፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ደግሞ ድራም። የሚለማመዱት እነ ጋሽ ዘውዴ ደጃፍ ላይ ስለነበር ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እኔ በልጅነቴ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የተላክሁትን ዕቃ ረስቼ ስንት ጊዜ ተገርፌአለሁ! ዛሬም ቢሆን ከእነሱ የተሻለ ባንድ ሰምቻለሁ የሚለኝ ሰው ካለ በትዕግሥት አዳምጠዋለሁ እንጂ አላምነውም።

ታዲያ ለምን ዝነኛ አልሆኑም ትሉኝ ይሆናል። አንድ ዕድል ገጥሟቸው ነበር። ፒያሳ ውስጥ የታወቀ ቤት የነበራቸው ሰውዬ ሰምተው ሊቀጥሯቸው ቀን ቆረጡላቸው። በቀኑ የጎረቤታችን እናት ዐረፉ። በሰፈራችን ደግሞ ለቅሶ ካለ እንኳን አኮርዲዮን ሬዲዮም አይከፈትም። አራቱም ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲያዞሩ ዋሉ፤ ሰውዬውም ሌላ ባንድ ቀጠሩ። እነሱ ሲቆጩ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኋላ ጋሽ ዘውዴ በድንገት ሲያርፉ ባንዱም አብሮ ተቀበረ። እትዬ በላይነሽ ከዚያ ወዲህ ለሠርግ እንኳ ዘፍነው አያውቁም።

ሰፈራችን ሲፈርስ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተነ። እትዬ በላይነሽ ቀደም ብለው እሪ በከንቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተው ስለነበር እዚያው ቀሩ። ቤቶቹ ይፍረሱ እንጂ ዕድሩ አልፈረሰም፤ ጋሽ ታፈሰ እስከ ዛሬ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ጊታሩን ትተው የሰው ሞት ማርዳት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው።

በቅርቡ ጋሽ ሰይድ የሱቃቸውን ዕቃ ሲያነሡ ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ አንድ ካሴት አገኙ። በእስክሪብቶ «ደጃፍ ባንድ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ በቴፕ የተቀዳ ነው፤ ቅጂ የለውም። ስልክ ደውለው ሲነግሩኝ እንደ ሕፃን ዘለልሁ። ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ባለሙያ ዘንድ ሮጥን። እሱም አገላብጦ አየና «ክሩ ደርቋል። በተራ ቴፕ እንዳትሞክሩት፣ ይበላዋል። ሰኞ አምጡልኝ» አለን። እሺ አልን። ግን እትዬ በላይነሽ ሳያዩት? አይሆንም። ቅዳሜ ጊዮርጊስ ነው፤ ከኪዳን መልስ ሦስታችን ሄደን ድንገት እጃቸው ላይ እናስቀምጠው ተባባልን።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ብልጠት የመጣው። ዓርብ ለጎረቤታቸው ለአስካለ ደወልሁ።

«ነገ በማለዳ ከጋሽ ታፈሰና ከጋሽ ሰይድ ጋር እንመጣለን» አልኋት። «እትዬ በላይነሽ ከቤት እንዳይወጡ አድርጊ። ምንም እንዳትነግሪያቸው፣ አደራ።»

አስካለ «እሺ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ዘጋችው። ደስ የሚል ነገር ሊመጣለት ያለ ሰው «ምን ይደረጋል» እንደማይል ያኔ አላስተዋልሁም።

በማግሥቱ እኔና ጋሽ ታፈሰ ኪዳን አድርሰን ነጠላችንን እንዳጣፋን ወጣን። ጋሽ ሰይድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋቢያቸውን ደርበው ምኒልክ አደባባይ ጠበቁን። ካሴቱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ነው። እየተሳሳቅን ቁልቁል ወረድን።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባን። ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ሳቃችን ደረቀ። ጋሽ ታፈሰ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፣ «ማን ሞቶ ነው? ዳኛው እኔ ሆኜ እንዴት አልሰማሁም?» አሉኝ።

አስካለን ጠጋ ብዬ «ማን ነው?» አልኋት በሹክሹክታ።

«እናንተ እንጂ የምታውቁት!» አለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል። «ሰናይት ናት፣ አይደል?»

ሰናይት የእትዬ በላይነሽ አንድያ ልጅ ናት። ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከደወለች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ማለዳ፣ ነጭ ነጠላ፣ የዕድር ዳኛ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ተባብሮ የመጣ ሽማግሌ። እኔ ራሴ ብሆን አለቅስ ነበር።

«አስካለ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰዉን መልሺ…» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። እትዬ በላይነሽ የፊት መታጠቢያ ውሃ በጆግ ይዘው ብቅ አሉ። ወንበሮቹን አዩ። ሰዉን አዩ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ታፈሰን አዩ።

«ታፈሰ» አሉ በቀስታ፣ «ልጄን?»

ጆጉ ወደቀ። «ወይኔ ሰናይት! ወይኔ ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ፤ ግቢውም በአንድ አፍ ተነሣ።

ጋሽ ታፈሰ ግራ ተጋብተው በሙሉ ድምፃቸው «የምሥራች!» ብለው ጮኹ። ምሥር ብላ ያለ የለም። እንዲያውም ለቅሶው ባሰ። «ኧረ ማንም አልሞተም!» አልሁ እኔ ደግሞ። አንድ አዛውንት ራሳቸውን እየነቀነቁ «አዎ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው፤ ቀስ በቀስ ነው የሚነገረው» አሉ። በማልን፣ በተገዘትን፣ ማን ሊያምነን! አሥር ጊዜ እውነቱን ስንናገር አሥር ጊዜ ዋሸን።

እትዬ በላይነሽ የደም ግፊት አለባቸው። ደረታቸውን እየደቁ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሳይ በጣም ፈራሁ። ሰው በደስታ ልገድል ነው። የእጅ ስልካቸውን ተቀብዬ ቤሩት ደወልሁ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምሁ። አይነሣም። ስልኩ ባልተነሣ ቁጥር ሰዉ ዓይን ለዓይን ይተያያል። እውነቱን ልናገር፤ አምስተኛው ላይ እኔም መጠራጠር ጀመርሁ። እኛ አለመስማታችን ልጅቱ ደህና ለመሆኗ ምን ማስረጃ ነው?

ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ መሐረባቸውን አወጡ።

«ቴፕ አለ እዚህ ቤት?»

«ጋሽ ሰይድ፣ ኧረ ይበላዋል!» አልሁ። «ሌላ የለንም እኮ!»

«ይብላው! ዘፈን ይዞ መርዶ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ወደ ቤት ውስጥ ገባሁ። ብፌው ላይ በዳንቴል የተሸፈነ አሮጌ ቴፕ አለ። ገመዱን ሰካሁት፤ ደግነቱ መብራት አለ። ካሴቱን ከተትሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቅቄ በሩን ከፈትሁት። መጀመሪያ የሠርግ ቤት ጫጫታ መጣ፣ ከዚያ የጋሽ ዘውዴ አኮርዲዮን፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣

*ከደጃፍህ ቆሜ ፀሐይ ወጣችብኝ፣*
*በሩን ባትከፍት እንኳ መስኮት ክፈትልኝ።*

ለቅሶው ከዳር ጀምሮ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ሞት ካለ ይህ እንደማይከፈት ሁሉም ያውቃል። እትዬ በላይነሽ ከመሬት ቀና አሉ። «ዘውዴ ነው» አሉ። «ይኼ የዘውዴ እጅ ነው።» ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ነጠላቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ፣ ጋሽ ሰይድ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይመታሉ። ይኸውላችሁ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት ከሁለት ስንኝ አላለፈም። ድምፁ ተጎተተ፣ ጎረነነ፣ ቀጥ አለ። ስከፍተው ክሩ ተጠምጥሞ ተበጥሷል። አለቀስሁ፤ አላፍርም።

«እሺ፣ መርዶ አይደለም» አሉ እትዬ በላይነሽ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ልጄስ? ደህና ናት?»

«አናውቅም እትዬ» አልሁ። ከዚህ የከበደ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ሁሉም ስልኩን እያየ ተቀመጠ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሲጮኽ አስካለ ነጥቃ ከፈተችው፣ ድምፁንም ለሁላችን ለቀቀችው።

«እማዬ! ማን ሞተ?» ሰናይት ናት፣ እያለቀሰች። «በዚህ ማለዳ ይህን ሁሉ ጊዜ የደወላችሁት… ንገሪኝ! አጎቴ ነው?»

ግቢው በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ፤ የእትዬ በላይነሽ ግን ዕንባቸው እንደ ገና ፈሰሰ።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ።»

«አትዋሺኝ! እያለቀስሽ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ሲጮህ ይሰማኛል!»

«በጊዮርጊስ አልሞተም!»

«እማዬ፣ አልችልም፣ ቁርጡን ንገሪኝ!»

እትዬ በላይነሽ ወደ ቴፑ አዩ። ከአፉ የተንጠለጠለውን ክር አዩ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና፣ ድምፃቸው መጀመሪያ እየተሰበረ፣ ኋላ እየጠና፣ ካሴቱ ካቆመበት ቀጠሉ። ጋሽ ሰይድ መቃኑን መታ መታ አደረጉ። እትዬ በላይነሽ እስከ መጨረሻው ዘፈኑት።

ከወዲያ በኩል ለቅሶው ቆመ።

«እማዬ» አለች ሰናይት በመጨረሻ፣ «አንቺ ትዘፍኛለሽ እንዴ?»