እንባ ያልሆነው ውሃ

አፍንጫ ሲፈስ ሰው ሁሉ ጉንፋን ነው ይላል። ጆሮ ሲፈስም የሚያዝን የለም፤ ጥጥ ይወተፍበታል። ዓይን ሲፈስ ግን ወዲያው የሆድ ነገር ይሆናል። ዓይኑን አሞት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም።

የደርግን ምልመላ ሸሽቼ በመተማ በኩል ሱዳን በገባሁበት ዓመት፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ሰሊጥ አጭድ ነበር። አንድ ቀን ነዶ ተሸክሜ ስሄድ የደረቀች የግራር ጭራሮ ረገጥሁ። ጫፏ ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኔን ጠቅ አደረገኝ። እሾኋ እንደ ገባች ወጣች፤ ሕመሙም ብዙ አልቆየ። ከዚያ ወዲያ ግን ዓይኔ ሞቅ ያለ ውሃ ያወርድ ጀመር።

አብሮኝ የሚያጭደው የአገሬ ሰው አያ ደሴ ይህን ሲያይ ማጭዱን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው እናቱን ጥሎ ተሰዶ ቢያለቅስ ነውር እንደሌለበት፣ እሱም በመጀመሪያው ዓመት ተደብቆ ያለቅስ እንደነበር አጫወተኝ። እሾህ ወግቶኝ ነው ብዬ ብነግረው፣ ወንድ ልጅ መቼ ሰበብ ያጣል አለኝ። ሌሎቹም በየተራ አጽናኑኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? በሦስተኛው ቀን እኔም ተጠራጠርሁ። አዝኜ ይሆን እንዴ? ግን በአንድ ዓይን ብቻ ይታዘናል? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ተናግሬም ዓይን ሊቀርብኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሁሉ ነገር ሲደበዝዝብኝ ደነገጥሁና በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባሁ። ከጎንደር መጥተው ሱቅ የከፈቱት ጋሽ ኑርሁሴን ሊያስተረጉሙልኝ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። እሳቸው በር ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ጀመሩ፤ የሱዳን ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ሐኪሙ፣ ረጋ ያለ ሱዳናዊ፣ ዓይኔን ገልጦ አየና «ሞያ» አለ። ሞያ ውሃ መሆኑን በገባሁ ዕለት ተምሬያለሁ፤ በዚያ ሙቀት ይህን ሳይማር ሁለተኛውን ቀን የሚያይ የለም። ሊያጠጣኝ ነው ብዬ፣ ጠጥቻለሁ፣ ሹክረን አልሁት። ጉንጬን እየነካ ደገመው። እንዲህ ከለመነኝማ ብዬ፣ እሺ አምጣ አልሁ።

እሱ ግን ብርቱካንማ ቀለም የተነከረ ወረቀት ዓይኔን አስነካና መስኮቱን ዘግቶ ሰማያዊ መብራት አበራብኝ። ብዙ አየ። በመጨረሻ ጋሽ ኑርሁሴን ገብተው ሲያዳምጡት ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይህ እንባ አይደለም» አሉኝ። «ዓይንህ ተበስቷል። የሚፈሰው የዓይንህ የውስጡ ውሃ ነው። ቀለሙን እየሰነጠቀ እንደ ጅረት ሲወርድ አይቶታል።»

«ሊያልቅ ነው እንዴ?»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት አልሳቀም። ዓይን ውሃውን እንደሚተካ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን ቆሻሻ ከገባበት ግን ዓይኔ እንደሚጠፋ ነገረኝ። ማሸት፣ ማጎንበስ፣ መሸከም ከለከለኝ። ሲያሸው የነበረ ሰው አለ ወይ ብሎም ጠየቀ። አያ ደሴ በሻሹ ጫፍ ሦስት ቀን ሙሉ ጫን እያደረገ ሲጠርግልኝ እንደነበር አልተናገርሁም። ወዳጅ ለሐኪም ይሰጣል?

ዓይኔ ታሽጎ፣ መድኃኒት እየተደረገለት ሳምንት ተኛሁ። አንድ ዓይና ሆኜ እናቴ ፊት ስቆም እየታየኝ ያን ጊዜ የእውነት አለቀስሁ። ፋሻ ሥር ስለነበር ማንም አላጽናናኝም።

በሳምንቱ ሐኪሙ ቀለሙን እንደገና ጨመረ፤ መብራቱን አበራ። ምንም የሚወርድ የለም። ቀዳዳው ተደፍኗል። ጣቶቹን ቆጠርሁለትና በደስታ እየበረርሁ በዚያው ቀን ወደ እርሻው ተመለስሁ፤ ቀለሙ ዓይኔንም ጉንጬንም ቢጫ እንዳደረገው ማን ነግሮኝ?

አያ ደሴ አገጬን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረኝ። የወፍ በሽታ ነው አለ። የሐኪም ቀለም ነው ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት።

«ሐኪም ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቢጫ አድርጎ ይሰድህ ነበር?» አለኝ።

ምሶ ያመጣውን መራራ ሥር እስከ አተላው ጠጣሁለት። በማግሥቱ ፊቴን ታጥቤ ቢጫው ሲለቅ፣ ያዳነኝ አያ ደሴ መሆኑን እርሻው ሁሉ ሰማ።