ሸሪፍ ኢራ ዊትኮምና ላይል ክሬን ስለሚታኮሱበት ሁኔታ የድራይ ፎርክ ከተማ ኮሚቴ ያደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1912 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ድራይ ፎርክ፣ አሪዞና፤ የከተማው አዳራሽ ለስልክ ቤት ስለተሰጠ በጸሐፊው ጸጉር ቤት

የተገኙ፦
ሚስተር ኦርቪል ታኬት፣ ባለሱቅ — ሰብሳቢ
ወይዘሮ ሄቲ ላርኪን፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት — አባል
ሚስተር ኑት ሶረንሰን፣ አናጢና የሬሳ ሣጥን ሠሪ — አባል
ሸሪፍ ኢራ ዊትኮም — አባል
ኤልበርት ኑናን፣ ጸጉር ቆራጭ — ጸሐፊ
ያልተገኙ፦ ዳኛ ፔልሃም፤ ባለፈው ክረምት ስለሞቱ

ከስድስት አባላት አምስቱ በሕይወትም በአካልም በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ደንበኛ በሚላጭበት ወንበር ላይ ሆነው ስብሰባውን ከፈቱ። ወንበሩን እንዳያሽከረክሩ በጸሐፊው ተጠይቀዋል።

አጀንዳ 1፦ የሸሪፉ ስንብት

ሰብሳቢው ሸሪፍ ኢራ ሰባ አንድ ዓመት እንደሞላቸው፣ ፈረሳቸው ከሞተ ወዲህ ጥበቃውን በእግር እንደሚያካሂዱ፣ በቅርቡም ወይዘሮ ላርኪን ገመድ ላይ ያሰጡትን ብርድ ልብስ «እጅ ወደ ላይ!» ብለው እንዳስቆሙ አስታወሱ። ከአውራጃው አውቶሞቢል ያለው ወጣት ፖሊስ ስለሚመጣ ሸሪፉ የሕግ አስከባሪነት ምልክት የሆነውን የቆርቆሮ ኮከባቸውን በክብር እንዲያስረክቡ ሐሳብ አቀረቡ።

ሸሪፍ ኢራ፣ «ብርድ ልብሱ ማነህ ስለው መልስ አልሰጠኝም» ሲሉ ተከላከሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ኮከቡን ዛሬውኑ እንዲያስረክቡ በሦስት ድጋፍና በወይዘሮ ላርኪን ተቃውሞ ተወሰነ። ሸሪፉ በራሳቸው ጉዳይ ድምፅ መስጠት እንደማይችሉ ተነገራቸው። ኮከቡ ሲወልቅ የሸሚዛቸው ኪስ አብሮ ተቀደደ።

አጀንዳ 2፦ የላይል ክሬን መምጣት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ላይል ክሬን ከብዙ ዓመት በፊት ባቡር በመዝረፉ ሸሪፍ ኢራ በበረዶ ብቻቸውን ተከታትለው ወንዙ መሻገሪያ ላይ ይዘውታል። ሲፈረድበትም፣ «ስወጣ መጥቼ እገድልሃለሁ» ብሎ በችሎት ፊት ምሏል። አሁን ተፈትቷል፤ ዛሬ በባቡር ይደርሳል። ሸሪፉ ለጥቂት ቀን ዘመድ ቤት ቢሄዱስ ሲሉም ጠየቁ።

ሸሪፍ ኢራ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄው አሁን ጓዳ ልደበቅ?» አሉ።

ሰብሳቢው፣ «ኮከብዎን እኮ አስረክበዋል፤ አሁን እንደማንኛችንም ነዎት» ቢሏቸው፣ «ላይል የማለው በእኔ ላይ ነው እንጂ በቆርቆሮው ላይ አይደለም» ሲሉ መለሱ።

በመሆኑም ተኩሱ ሥርዓት ባለው መንገድ እንዲካሄድ ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። ሚስተር ሶረንሰን ደገፉ፤ ሜትራቸውንም አውጥተው ሸሪፉን ከትከሻ እስከ ትከሻ ለኩ። ሸሪፉ፣ «ወገቡ ጋ አታጥብበው፤ መጨናነቅ አልወድም» አሉ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ልካቸው ያልሆነ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገቡና ጸጉር ቤቱ ክፍት መሆኑን ጠየቁ። ጸሐፊው ስብሰባ ላይ መሆኑን ገለጸ። ሸሪፍ ኢራ፣ «ወዳጄ፣ ግባና በሩን ዝጋው። ላይል ክሬን እየመጣ ነው» አሏቸው።

«ደርሻለሁ» አሉ እንግዳው።



ሸሪፉ ጠጋ ብለው ካዩአቸው በኋላ፣ «አርጅተሃል» አሉ።

«አንተስ? ሬሳ መስለሃል እኮ» አሉ እንግዳው። ሚስተር ሶረንሰን ማስታወሻ ያዙ።

እንግዳው ያለ ድምፅ መብት በታዛቢነት እንዲቀመጡ ተፈቀደ። የመጡበትን ጉዳይ ሲጠየቁም፣ «ምዬ ነበር። ከመሐላዬ በቀር የቀረኝ ነገር የለም» ካሉ በኋላ፣ ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሽጉጡን በሁለት እጅ ለመያዝ ፈቃድ ለመኑ። ሸሪፉ መነጽር የሚፈቀድላቸው ከሆነ ተቃውሞ እንደሌላቸው አስታወቁ።

ወይዘሮ ላርኪን፣ «ለመሆኑ ሁለታችሁም ምሳ በልታችኋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ) ርቀቱ ሠላሳ እርምጃ እንዲሆን፤ ሸሪፉ በዚያ ርቀት ሰው ከግንድ እንደማይለዩ ስላመኑ ወደ አሥር እንዲወርድ፤
ለ) ሳይመታ በጉልበቱ ድካም የወደቀ ካለ ተደግፎ ተነሥቶ ተኩሱ እንደገና እንዲጀመር፤
ሐ) ዋናው መንገድ የስልክ እንጨት ስለበዛበት ሌላ ቦታ እንዲፈለግ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ላርኪን፣ «እኔ እዚህ እብደት ውስጥ የለሁበትም» በማለት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

እንግዳው ቦታው የተያዙበት የወንዙ መሻገሪያ ይሁንልኝ አሉ። ሰብሳቢው መሻገሪያው በአንድ ከብት አርቢ ኩባንያ ሽቦ ስለታጠረ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስረዱ።

እንግዳው፣ «ወንዙን? ወንዝ ይታጠራል እንዴ? ማን ፈቀደላቸው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ኮሚቴው መፍቀዱን ገለጹ።

«ኢራ፣ አንተ ምን አልክ?»

«ተቃወምኩ። ብቻዬን።»

ከዚያም ለኩባንያው የፈቃድ ጥያቄ ማን ይጻፍ በሚለው ላይ የጦፈ ክርክር ተደረገ። ድምፅ ሲቆጠር ሸሪፉና እንግዳው በክፍሉ እንደሌሉ ታወቀ።

ወዲያው ከወንዙ በኩል ሁለት ተኩስ ተሰማ።

ሰብሳቢው፣ ሚስተር ሶረንሰንና ጸሐፊው ስብሰባውን ጠረጴዛ ሥር ቀጠሉ። ሚስተር ሶረንሰን ጣውላው የማን ልክ ይሁን ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ ላርኪን ግን ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ሮጠው ወጡ፤ ሲመለሱም የሚከተለውን ሪፖርት አቀረቡ።

ሁለቱ ሰዎች የተኮሱት ኩባንያው በአጥሩ በር ላይ ባቆመው «ማለፍ ክልክል ነው» በሚለው ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው የቤት በር ያህላል። አፍንጫው ሥር ቆመው ሁለቱም ስተዋል። ከዚያ ሸሪፉ ሽቦውን በእግራቸው ረግጠው፣ «እለፍ እንግዲህ፣ ምን ትጎለታለህ?» ብለዋል። እንግዳው ሲያልፉ ኮታቸው ተይዞ፣ ሸሪፉ እየተሳደቡ አላቀዋቸዋል። ወንዙ ዳር ደርሰውም እንግዳው ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ቆመዋል። እንግዳው ማልቀሳቸውን ወይዘሮ ላርኪን ቢናገሩም፣ ሰብሳቢው ከአጀንዳ ውጪ ስላሉት አልተመዘገበም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ ላርኪን ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው፣ «ሁሉም? የኮከቡም?» ሲሉ፣ «ሁሉም ማለት ምን ማለት ይመስልሃል፣ ኦርቪል?» አሏቸው። ሚስተር ሶረንሰን ልክ ወስጃለሁ በሚል ተቃወሙ። ከአጭር ውይይት በኋላ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኖ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባላቱ ተበተኑ።

ጸሐፊው ውሳኔውን ለሁለቱ ሰዎች እንዲያደርስ ታዝዞ ወደ ወንዙ ሄዷል። ሁለቱም አንድ ዛፍ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እንግዳው በሸሪፉ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጸሐፊው ወረቀቱን ሊያነብ ሲጀምር ሸሪፉ እጃቸውን አንሥተው፣ «ቀስ፣ ኤልበርት። እስር ቤት ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፉልንም ነበር ብሎኛል። ተወው ይተኛ» አሉ።

ስለዚህ ውሳኔው አልተነገራቸውም።

ኤልበርት ኑናን፣ ጸሐፊ