«እኔ የሚባል የለም» ያለው ወንድሜ

«መከራ የሚመጣው ከመፈለግ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ፈጥናችሁ ምሳችሁን ደብቁ!

ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ ሲመለስ፣ የቡድሃን ትምህርት ስልኩ ላይ አስጭኖ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! በመጨረሻዋ ደህና ቀናችን፣ የቀረችንን ማር መሀል አድርገን ምሳ ቀርበናል።

«የኔ ድርሻስ?» አልኩት።

«‹የኔ› ማለትህ ነው የሚያሰቃይህ። ሁሉም አላፊ ነው» አለኝና የማሩን አላፊነት በእንጀራ ጠቅልሎ አሳየኝ።

«አንተስ ለምን በላህ?»

«እኔ የሚባል የለም። ሰው ወንዝ ነው፤ ይፈስሳል እንጂ አይቆምም።»

«ለሌለ ሰውማ ጉሮሮህ ሰፊ ነው!»

ከሰዓት በኋላ የጠፋች ጊደር ሊመልስ ገደሉ አፋፍ ወጣ። ድንጋዩ ከዳው… ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በላይ ማስረዘም አልሆነልኝም።

በማግስቱ ቀበርነው። እኔ ዓይኔ ደረቅ! የሙጥኝ ካላልኩት አያመኝም ብዬ ቆርጬ ነበራ። አልቃሿ «አንበሳው! ነብሩ!» ስትል እንኳ ጥርሴን ነከስኩ። (በእኛ መሀል ይቅርና፣ ነብሩ አውራ ዶሮ ይፈራ ነበር።)

የነፍስ አባታችን አጠገቤ መጡ። «ልጄ፣ አልቅስ እንጂ። እንባ ሲታመቅ ደግ አይደለም።»

«ምን ያስለቅሳል አባ? ‹እኔ› የሚባል ከሌለ፣ የሞተም የለማ!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ፍትሐት ያደረስኩት ለማን ነው?»

አክስቴ ጣልቃ ገባች። «ይተዉት አባ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው። አንተም ዝም ብለህ ንፍሮህን ብላ!»

በኛ አገር የሟች ገብስ ማሳ ላይ አይቀርም፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ያጭድለታል። ሐዘንተኛው ግን ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ማጭድ አይነካም። በቀጣዩ ጠዋት እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ማጭዴን ይዤ ማሳው ጫፍ ስደርስ፣ ጎረቤታችን አያ ገብሩ ጎንበስ እንዳሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ ኮቴዬን ብቻ ሰምተው በልማድ ተጣሩ።

«ሲሳይ! ፈጠን በል እንጂ፣ ፀሐይ ሊቀድመን ነው!»

ማጭዱ ሁሉ ቆመ። አያ ገብሩ የተናገሩት ሲገባቸው አፋቸውን ያዙ። ሰዉ መሬት መሬቱን ያያል።

«አቤት አያ ገብሩ!» አልኩ። «መጣሁ!»

ሁለት ጭብጥ እንኳ ሳላጭድ ነዶው ላይ ተደፍቼ ተለቀሰ፤ ሳግ፣ ጩኸት፣ ምኑ ቅጡ… ያለቀሰው ማን እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ!