እቴቴ ሳታየው የማይገባ ጨዋታ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስታጥብ የኖረች ነርስ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀይ ቀለም ባየች ቁጥር ፊቷን በመዳፏ የምትሸፍነው ለምንድን ነው? መጽሐፌን አጥፌ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

ቤተሰብ የሚባል ሁሉ አንድ ቀማሽ አለው። ለልጆች የሚመጣ ነገር፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ በእሱ በኩል ያልፋል። የእኛ ቤት ቀማሽ ክብርት አክስቴ እቴቴ ናት። ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጡረታ ስትወጣ ሥልጣኗን እዚያ አልተወችም፤ ጠቅልላ ሳሎናችን ገባች። አዲስ ማስቲካ መጀመሪያ የምታኝከው እሷ ናት። ብስክሌት ሲገዛ "እስቲ ልየው" ብላ ወጥታበት ከጎረቤት አጥር ጋር ተዋውቃለች። እኔን እንኳ፣ ጢም ያወጣሁትን ሰውዬ፣ የጀመርኩትን ልብ ወለድ "እስቲ ልየው" ብላ ትወስድብኝና በሳምንቱ ትመልስልኛለች። "ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ትሞታለች፤ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።"

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ለሁለቱ ልጆቹ የቪዲዮ ጌም ገዝቶ መጣ። እግር ኳስ ነው ይባላል እንጂ ኳሱ ሰበብ ነው። ተጫዋቾቹ በጡጫና በካልቾ ሲነራረቱ ይቆዩና፣ የተረፈው ሰው ጎል ያገባል። ባለሱቁ ካልተስማማቸው እስከ ነገ ጠዋት መልሼ እቀበልሃለሁ ብሎታል። የልጆቹ ዕጣ እንግዲህ እቴቴ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

"እስቲ ልየው" አለች፤ የጨዋታውን መቆጣጠሪያ፣ ጆይስቲኩን፣ ተቀብላ።

"ጓደኞቻችን ሁሉ እኮ አላቸው!" አለች ትንሿ።

"ጓደኞችሽን የማሳድገው እኔ ነኝ እንዴ?"

ጨዋታው ገና ከመጀመሩ የአንዱ ተጫዋች ጉልበት ወደ ኋላ ታጠፈ። እቴቴ ከሶፋው ብድግ አለች። "ማንም እንዳይነካው! ቃሬዛ!" ሰውዬው ግን በዓይን ጥቅሻ ተነስቶ መሮጥ ጀመረ። "ውሸታም!" ብላ ጮኸችበት። "በዚህ ጉልበት ሦስት ወር አትረግጥም!"

ሁለተኛው ሲወድቅ ግን አላስቻላትም። የራሷን ተጫዋች እያስሮጠች አጠገቡ አደረሰችው።

"ለማንሳት የቱን ነው የምጫነው?"

"ማንሳት የሚባል የለም፣ እቴቴ" አለ ወንዱ ልጅ።

"እንዴት አይኖርም?" ብላ ያገኘችውን ተጫነች። ተጫዋቿ የወደቀውን ሰው ደረት በሁለት እግሩ ረገጠው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ተመልካች በጭብጨባ አበደ፤ ልጆቹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። "እቴቴ ጨካኟ! እቴቴ አንበሳ!"

እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሎ "ይቅርታ፣ የኔ ልጅ" አለች፤ ለቴሌቪዥኑ።

"በቃ፣ ይመለስ" አለ ወንድሜ ከበሩ ላይ። ወንዱ ልጅ ጆይስቲኩን ከእጇ ወስዶ ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘ። ትንሿ የእቴቴን ቀሚስ ጎተተች።

"እኛ እኮ እንደማያማቸው እናውቃለን፣ እቴቴ።"

"እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው" አለች እቴቴ። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች፦ ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው ሳይመታ አንድ ጨዋታ ማለቅ ከቻለ እዚህ ቤት ይቀራል፤ ካልቻለ ጠዋት ይመለሳል። የምትሞክረውም ራሷ ናት።

ልጆቹ ከጎኗ ሆነው ሲያሠለጥኗት አምሽተው፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። እኔ ሰው ባለበት ማንበብ አልወድም፤ ክፍሌን ዘግቼ ነው የምኖረው። የዚያን ዕለት ግን ወንበሬን ተሸክሜ ሳሎን ወጣሁ።

"ምን ፈለግህ?" አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል።

"እዚህ መብራቱ ይሻላል።"

አንድ ገጽ አልገለጥኩም። እቴቴ "ሽሽ፣ የኔ ጌታ፣ ሽሽ!" እያለች ተጫዋቾቿን ታሸሻለች፤ ሁልጊዜ ግን አንዱ ባለጌ ይደርስባቸዋል። ስንት ጊዜ እንደገና እንደጀመረች እንጃ። በኋላ ዘዴው ተገለጠላት፤ ጠቡ በኳሱ ስለሆነ፣ ኳሱ እግሯ ሥር በገባ ቁጥር "እንካ፣ ውሰድ" ብላ ለባላጋራ ትሰጥ ጀመር።

ሠላሳ አንድ ለባዶ ተሸነፈች። አንድም ሰው አልወደቀም።

"አየህ? ሁሉም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ቤት ይቀራል በላቸው። መጀመሪያ ግን እንዲህ አድርገው ያሳዩኝ።"

ለልጆቹ ልነግራቸው ጎንበስ አልኩና ተውኩት፤ ይተኙ። ብርድ ልብስ አምጥቼ እነሱንም እሷንም አለበስኩ። ጆይስቲኩን ከእጇ ሳወጣ ዓይኗ ተከድኗል፤ አውራ ጣቷ ግን አሁንም አንድ ሰው እያሸሸ ነበር። ጣቷን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አውራ ጣቷም ተኛ።