ሜትል በቦረንኛ

አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሳሳት አንድ ጊዜ ነው። እኛ ሁለት የምንናገር ግን ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን፤ ያውም በኩራት።

እኔ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የባለቤቴ እህት ልጅ ሰላም ደግሞ ናይሮቢ ለዶክትሬት ትማራለች። ባለፈው በጋ መጣችና፣ "ጋሼ፣ በኬንያ በኩል ጎዶማ የምትባል መንደር ሄጄ ከአርብቶ አደሮች ጥቂት ደም መውሰድ አለብኝ፤ ያስተርጉሙልኝ" አለችኝ። ቦረንኛ፣ የቦረናዎቹን ኦሮምኛ፣ የተማርኩት ከደንበኞቼ ነው። ስለ ፍሬን ሸራ ከሆነ ማንንም አሳምናለሁ። ታዲያ ከፍሬን ሸራ እስከ ሕዋስ ምን ያህል ቢርቅ ነው? ብዬ ተነሣሁ።

ጎዶማ ስንደርስ ሰዎቹ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ታላቃቸው አባ ጃርሶ ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ ማንም ክንዱን አይሰጥም፤ የሰላም የሁለት ዓመት ልፋትም ውኃ በላው ማለት ነው።

ሰላም ቀስ ብላ ጀመረች። "በሁሉም ሕዋሳችን ውስጥ ያለው ጽሑፍ፣ ዲኤንኤው፣ አንድ ነው። ሜትል የሚባል ትንሽ ምልክት ግን የትኛው መስመር እንዳይነበብ ይወስናል። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ተለውጦ ሃይድሮክሲሜትል ይሆናል። ድርቅ እነዚህን ይነካ እንደሆነ፣ ሕዋሶቹን አንድ በአንድ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ምልክት" ለሚለው፣ ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰውን ቃል ተጠቀምኩ። "ሕዋስ" የሚለውን ስላጣሁት ዘለልኩት። አላዋቂ ሳሚ የሚሉት ተረት ለማን የተተረተ መሰላችሁ? የሰላም ሳይንስ በእኔ አፍ እንዲህ ሆነ፦ "ምልክታቸው የተለወጠ አሉ፤ ልጅቷ አንድ በአንድ ልታጣራ መጥታለች።"

የግመል ምልክት የሚለውጥ ማነው? ሌባ ነዋ። ማጉረምረም ተጀመረ፤ ሁለት ሰዎች ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

"ጋሼ፣ ምን አሏቸው?" አለች ሰላም።

"ያልሽውን ነዋ" አልኳት፤ ላቤ ግን ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ ጉዞ ጀምሯል።

አባ ጃርሶ ወደ ሰላም ዞሩና እንከን በሌለው አማርኛ፣ "ልጄ፣ አንቺ ያልሽው ሌላ፣ እሱ ያለው ሌላ ነው" አሏት። ለካ ወጣት ሳሉ ኢትዮጵያ፣ ያቤሎ፣ ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ቀጥለውም፣ ሕዋሶቹን ቀላቅላ ብታነባቸው ምን እንደሚጎድልባት ጠየቋት። አማካዩን እንጂ የእያንዳንዱን ሁኔታ እንደማታገኝ ነገረቻቸው።

"ልክ ነው። መንጋው ደህና ነው ቢሉሽ የታመመችውን ግመል አታገኚያትም" አሉና ለሰዎቹ በቋንቋቸው አስረዱ፤ የሄዱትንም አስጠሩ። የመጀመሪያውን ክንድ የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ሰላም አማርኛ እንደሚያውቁ ለምን ቀድመው እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን እኔ እንድሰማው አድርገው፣ "ይዘሽው የመጣሽው ሰው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው" አሏት።

ቀኑን ሙሉ የተቀዳው ደም የሚቀመጥበትን የበረዶ ሣጥን ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። እሱንስ ያለ አንዳች ስህተት ነው የሠራሁት።