ሰንሰለት የተሳለበት በር

ሰው የሚወደውን ነገር በደረጃ ማስቀመጥ ይወዳል። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ገብታችሁ «ከኳስ ተጫዋች ማን ይበልጣል?» ብትሉ፣ ሻያችሁ ሳይቀርብ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። «ከቀረሶና ከአምባዛ ዓሣ የቱ ይጣፍጣል?» ብትሉም ያው ነው። የእኔ ችግር ማንም ለማይጠይቀኝ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ መቀመጤ ነው። ጥያቄው «ከደንጀኖች ሁሉ የትኛውን ትወዳለህ?» የሚል ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ የቪዲዮ ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ዛሬ ጢም አብቅዬም አዲስ ክፍል ይወጣለታል። በየክፍሉ ሰይፍ የታጠቀ አንድ ወጣት አገር ሊያድን ይነሣል። አገር የሚድነው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን ደንጀን በሚሉት ቤት ውስጥ ነው። ደንጀን ማለት በሩ የበዛ፣ አብዛኛው በር የተቆለፈ፣ ቁልፉ ማንም በማያስበው ጥግ የተደበቀ፣ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ግዙፍ አውሬ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ሕንፃ ነው። መሥሪያ ቤት ሄዶ ጉዳይ አስፈጽሞ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ዘንዘልማ ውስጥ አምና በቆሎ የበቀለበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ለቤት መሥሪያ ችካል ሲተከል ካያችሁ፣ ከተካዮቹ አንዱ እኔ ነኝ። አንዴ ለክቼ አላምንም፤ ደግሜ እለካለሁ። ሁለቱ ልኬቶች ሲገጥሙ ደግሞ «ሁለቴም ተሳስቼ ቢሆንስ?» እላለሁ። ይህ ጠባይ ጓደኛ አያበዛም። ደንጀን ውስጥ ግን ንጉሥ ያደርጋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትሕትና የለኝም።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አንደኛዬ የደወሉ ግንብ ነበር። እዚያ ግንብ ውስጥ አንድ ደወል በተመታ ቁጥር አንዱ በር ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። አሁን የምታደርጉትን ለማወቅ እስካሁን ያደረጋችሁትን ሁሉ ማስታወስ አለባችሁ። ብዙ ተጫዋች ግንቡን ይረግመዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ያልሰማ ነው። ሁለተኛዬ የአሸዋው ቤት ነው። ከላይኛው ፎቅ አሸዋ ስትለቁ የታችኛው ይሞላል፣ አሸዋው ላይ ቆማችሁም ከዚያ በፊት ያልደረሳችሁበት መስኮት ላይ ትደርሳላችሁ። ትዕግሥትን መሰላል አድርጎ የሚያስወጣ ቤት ሌላ የት አለ?

የመጨረሻው፣ ማለትም የጠላሁት፣ የሰንሰለቱ ቤት ነበር። ታሪክ አለው።

ሰናይት የእኅቴ የሐና ጓደኛ ናት፤ ፋርማሲስት ናት፤ እሑድ ከሰዓት ቤታችን ትመጣለች። መጀመሪያ ከሐና ጋር ወሬ ልታወራ ነበር የምትመጣው፤ ኋላ ግን ወሬው እየቀረ ቴሌቪዥኑ ፊት ከእኔ ጎን መቀመጥ ሆነ። በዚያ ሰሞን የሰንሰለቱ ቤት ውስጥ በአንድ ትልቅ በር ፊት ቆሜ ነበር። በሩ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ተጠላልፎበታል። የሰንሰለቱን ቁልፍ ፍለጋ ግድግዳውን ሁሉ በሰይፍ አንኳኩቼ፣ የተቀበረውን ማሰሮ ሁሉ ሰብሬ ጨርሻለሁ። ሰናይት ማስቲካዋን እያኘከች ስታየኝ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ገፍተኸው ታውቃለህ?»

«ሰንሰለት አለው እኮ።»

«እሱማ ይታየኛል። ገፍተኸዋል ወይ?»

መቆጣጠሪያውን ከእጄ ወስዳ ወጣቱን ወደ በሩ ነዳችው። በሩ ተከፈተ። ሰንሰለቱ ለካ ሥዕል ኖሯል። ሰናይት ሶፋው ላይ ተዘርራ ሣቀች፤ ሐና ከጓዳ እየሮጠች መጥታ የተፈጠረውን ሳታውቅ አብራ ሣቀች። እኔ ግን ያንን ቤት የሠራው ሰው አታላይ ነው ብዬ ደንጀኑን የመጨረሻ ደረጃ ላይ ጣልሁት። ሰናይትን አንደኛ ላይ አስቀመጥኋት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ተላከ። የሰናይት አባት መሪጌታ ናቸው፤ ሐሙሲት ይኖራሉ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ካለ ደብር ያገለግላሉ። የእኔ አባት ደግሞ ለፋብሪካ ሥራ ከአርሲ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቼ የፋብሪካ ጓደኞቹ ናቸው። አለቃቸው ጋሽ ተሰማ ነው። ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። መሪጌታም ልጅቱ ገና ልጅ ናት፣ ትምህርትም ይቀራታል፣ ዘመድም ሩቅ ነውና አልተማከርንም ብለው ሸኟቸው።

ጋሽ ተሰማ በስልክ «መልካም ነው፣ ደኅና ተቀብለውናል» ሲለኝ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። መሪጌታ ያሉትን ቃል በቃል አስደገምሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ለካሁት። ልጅ ናት? ደመወዝ ትቀበላለች። ትምህርት ይቀራታል? ከተመረቀች ቆይታለች። ዘመድ ሩቅ ነው? አጎቷ አጥር ተጋርተው ነው የሚኖሩት። አንዱም ምክንያት ከመሬቱ ጋር አይገጥምም። ይህን ያህል የማይገጥም ምክንያት የሚሰጥ አባት እምቢ እያለ ነው ብዬ ደመደምሁ። የአባት ቃል ይከበራልና አከበርሁ። ለሰናይትም «የአባትሽን ውሳኔ አከብራለሁ» የሚል መልእክት ላክሁላት። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ደጋግሜ አስተካክዬው ነበር። «እሺ» ብላ መለሰች። ነጥብ እንኳ አልነበረውም።

እሑድ መምጣቷን ተወች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ነቀዘ። ክረምቱ ገባ፣ ሐይቁ ሞላ፣ እምቦጩ ከነቅጠሉ ወደ ዳር ተገፋ፤ እኔ በክብር ዝም እንዳልሁ ነኝ። መስከረም ላይ ሐና የጎርጎራ ሰው ሽማግሌ መላኩን ነገረችኝ። ጀልባ አለው። በቤታችን ካለው ሁሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የእናቴ ሳፋ ብቻ ነው።

ሰናይትን ሐይቁ ዳር እንድንገናኝ ለመንኋት። መጣች፤ አልተቀመጠችም። ደንገሉን እያየች ሽማግሌዎችህ የት ጠፉ አለችኝ። አባቷ እንደመለሱን፣ ያሉትንም ሳላዛንፍ ነገርኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለታላቅ እኅቴ ባልም ይህንኑ ነው ያሉት» አለች። «እኅቴ ያኔ አስተማሪ ነበረች። ለጎርጎራው ሰውዬም ይህንኑ ብለዋል። እሱ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሦስተኛውን እየተሰናዳ ነው።»

የእኔን ሽማግሌዎች ጉዞ በጣቴ ቆጠርሁ፤ አንድ ነው።

«አባቴ እኮ አንዴ አንኳኩቶ የሚሄድ ሰው መጀመሪያውንስ ምን ፈልጎ መጣ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ለመሆኑ ገፍተኸዋል?»

የደወሉን ግንብ ያለ ስሕተት የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፊቴ ግን ያን ቀን ምን ይመስል እንደነበር ባላየው ይሻለኛል። እዚያው ቆሜ ለጋሽ ተሰማ ደወልሁ። «እኛ እኮ» አለኝ፣ «ጋቢውን አጥበን ቁጭ ብለናል። አንተ ዝም ስትል ልጅቷን የተውሃት መስሎን፣ ለአባትህ እንኳ እንዴት እንንገረው ስንል ነው የከረምነው።»

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ። መሪጌታ አሁንም ልጅቱ ገና ልጅ ናት አሉ፤ ግን የሚመለሱበትን ቀን ቆረጡላቸው። በቀጠሮው ቀን ዘመዱ ቀረበ፣ ትምህርቱም አለቀ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ጠላ ቀረበ። ለጎርጎራው ሰው ሰናይት ራሷ እምቢ ማለቷን አባቷ ያን ቀን ተናገሩ፤ ታዲያ ማንን ሲሏት ካፏ የወጣው ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ የከረመው የእኔ ስም ነበር።

ከዚያ እኔ ከደጅ ተጠርቼ ቀረብሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ትኩር ብለው አዩኝ።

«ቶሎ ብሰጥህ ልጄን ያረከስኋት አይመስልም?» አሉኝ። «እኔ ወጌን አደረስሁ። አንተ ግን ምን ሆነህ ክረምቱን ጠፋህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ በሚኒባስ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያም መደምደሚያም ያለው። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«በሩ ሰንሰለት ያለው መስሎኝ ነው፣ የኔታ።»

ምን ሰንሰለት አላሉኝም፤ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና «ሰንሰለቱማ አለ» አሉ። «ለጌጥ ነው።»

እነሆ ደረጃዬን አስተካክያለሁ፤ የሰንሰለቱ ቤት አንደኛ፣ የደወሉ ግንብ ሁለተኛ፣ የአሸዋው ቤት ሦስተኛ። የሠራውን ሰው አታላይ ማለቴንም ትቻለሁ። ጠባይ ግን እንደ ደረጃ ቶሎ አይስተካከልም። ዛሬም ሐሙሲት ለጥየቃ ስንሄድ፣ ከአማቴ ቆርቆሮ በር ፊት ቆሜ አንኳኳለሁ፣ ጠብቄም ደግሜ አንኳኳለሁ። ሰናይት እቃዋን እንደያዘች በጎኔ ታልፍና በክርኗ ትገፋዋለች።